ጃክ ቤኒ፦ ዝም ብሎ ያሳቀ ሰውዬ

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ከፊት ያለው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ ማንም አይታዘባችሁም። ጥያቄ ያለው ደግሞ መጨረሻውን አይጠብቅ፣ እጁን ያውጣ።

(እዚህ ጋ ዝም አልኩ። ጽሑፍ ላይ ስለማይታይ ነው የምነግራችሁ።)

ሰባት ሰከንድ ናት። ሦስተኛው ላይ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አምስተኛው ላይ ከኋላ ሁለት ሰው ሳቀ፣ እዚህ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ «ንግግሩ ጠፋበት መሰለኝ» በሚል ዓይን አዘነችልኝ። ሬዲዮ ላይ የሠራ ሰው ይህቺን ነገር በስሟ ያውቃታል፤ ዴድ ኤር ትባላለች። የሞተ አየር። እኔ ሬዲዮ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቀን ገጽ ተገልብጦብኝ አራት ሰከንድ ያህል ዝም አልኩ። ከመስታወቱ ማዶ ያለው ቴክኒሻን በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ያዘ፣ ኃላፊያችን ሳምንቱን ሙሉ ሰላም አላለኝም። ሬዲዮ ላይ ዝም ማለት ከስድብ አይተናነስም።

የዛሬው ሰውዬ ግን ይህችኑ ዝምታ እንጀራው አደረጋት። ጃክ ቤኒ ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፣ እየደመርኩና እየቀነስኩ እንዳላደክማችሁ። ብዙዎቻችሁ ስሙን ላትሰሙት ትችላላችሁ፤ አይገርምም፣ ከሞተ ቆይቷል። በ1930ዎቹና በ40ዎቹ ግን እሁድ ማታ፣ በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ላይ፣ የአሜሪካ ቤተሰብ ሬዲዮ ዙሪያ የሚሰበሰበው እሱን ሊሰማ ነበር። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ፤ ብዙ የሬዲዮ ባለሥልጣን ከዙፋኑ ሲወርድ እሱ ተሻገረ። እንዴት ተሻገረ የሚለውን ነው ማውራት የፈለግኩት፤ ምክንያቱም «ድምፄ ጥሩ ነው፣ ቀልድ አውቃለሁ፣ አሁን ደግሞ ድራማ ልሥራ» የሚል ወዳጅ በየሳምንቱ ይደውልልኛል፣ እና ሁሌ ስለዚህ ሰውዬ ነው የምነግራቸው።

የተወለደው በ1894 ቺካጎ ነው። ያደገው ግን እዚያው ኢሊኖይ ውስጥ ዎኪጋን በምትባል ከተማ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ቤንጃሚን ኩበልስኪ ነው። አይሁድ ስደተኞች ናቸው፣ አባትየው ነጋዴ። ልጃቸው ትልቅ ቫዮሊኒስት እንዲሆን ፈልገው በስድስት ዓመቱ ቫዮሊን አስያዙት። እሱ ግን መለማመድ የሚባል ነገር አይወድም፣ ትምህርት ላይም ዋዛ ነበር፣ ከሁለተኛ ደረጃ ተባረረ። በ1911 በከተማዋ ቲያትር ቤት በሳምንት 7 ዶላር ከ50 ሳንቲም እየተከፈለው ቫዮሊን መምታት ጀመረ። እዚያው መድረክ ላይ የማርክስ ወንድማማቾች የሚባሉት ኮሜዲያን መጡ፤ እናታቸው የልጁን አጨዋወት ወደደችና ከእኛ ጋር ይዙር አለች፣ ወላጆቹ እምቢ አሉ።

ስሙን የቀየረው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ተገዶ። መጀመሪያ ኩበሊክ የሚባል ታዋቂ ቫዮሊኒስት «ስሜን ነው የያዘው» ብሎ አኮረፈ፤ ቤን ቤኒ ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ ቤን በርኒ የሚባል ሌላ ቫዮሊን ያዥ ቀልደኛ ያንኑ ቅሬታ አመጣ። ጃክ ቤኒ የሆነው እንዲያ ነው። በመካከሉ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ባሕር ኃይል ገብቷል። አንድ ምሽት ለወታደሮቹ ቫዮሊን ሲጫወት ጮኹበት። ቫዮሊኑን አውርዶ ማውራት ጀመረ። ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ቫዮሊኑ በእጁ ይኖራል እንጂ ብዙም አይጫወትበትም።

ያኔ ቮድቪል የሚባል የመድረክ ሥራ ነበር። በአንድ ምሽት ዘፋኙ፣ ዳንሰኛው፣ ምትሃተኛው፣ ውሻ ያሠለጠነው ሰው እየተፈራረቁ ይወጡበታል። የቮድቪል ቀልደኛ አንዲት የ15 ደቂቃ ሥራ ካለችው ዓመታት ይበላባታል፤ ዛሬ እዚህ ከተማ፣ ሳምንት እዚያ ከተማ፣ ተመልካቹ ሌላ ነው። ሬዲዮ ሲመጣ ይህ ነገር ፈረሰ። በአንድ ማታ አገር ምድሩ ሰማህ፣ አለቀ። በሳምንቱ ሌላ አምጣ ትባላለህ። ብዙ ጎበዝ ቀልደኛ እዚህ ጋ ነው የወደቀው፤ ጓዳው ባዶ ሆነበት።

ቤኒ ሬዲዮ ላይ መጀመሪያ የተሰማው መጋቢት 1932 ነው፣ ኤድ ሱሊቫን ጋብዞት። ራሱን ሲያስተዋውቅ ምን አለ መሰላችሁ፤ ጃክ ቤኒ ነኝ፣ አሁን «እና ምን አገባን?» እንድትሉ ትንሽ ፋታ እሰጣችኋለሁ። ልብ በሉ፣ ሬዲዮ ላይ የከፈተው የመጀመሪያ አፉ ስለ ዝምታ ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የራሱን ፕሮግራም አገኘ። ስፖንሰሩ ለስላሳ መጠጥ ሻጭ ነበር፤ ቤኒ በስፖንሰሩ ላይ ይቀልዳል፣ ስፖንሰሩ ደግሞ ይናደዳል። ብዙም አልቆዩም። (በኋላ ጄሎ የሚባለውን ጣፋጭ እያስተዋወቀ ስምንት ዓመት ሲቆይ በዚያም ይቀልድ ነበር፣ እነዚያኞቹ ግን ዕቃቸው ሲሸጥ አይተው ዝም አሉ።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቤኒ ከጸሐፊዎቹ ጋር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተለይ ከሃሪ ኮን ጋር፣ ቀስ እያለ የሠራው ቀልድ አይደለም። ሰው ነው። «ጃክ ቤኒ» የሚባል ሰው። ይህ ሰው ቆንቋና ነው፤ ቆንቋና ስላችሁ እንዲሁ ቆጣቢ እንዳይመስላችሁ፣ ቤቱ ሥር ካዝና ቆፍሮ ጠባቂ ያስቀመጠ፣ ጠባቂውም ከዓመታት በፊት ወርዶ ዓለም ምን እንደሆነች የማያውቅ። ዕድሜው 39 ነው፤ በሚቀጥለውም ዓመት 39፣ በአሥር ዓመቱም 39። ቫዮሊን እችላለሁ ብሎ ያምናል፣ ሲጫወት ጎረቤት ይሰደዳል። ሰማያዊ ዓይኖቼን እዩልኝ ይላል፤ ያውም በሬዲዮ።

ደግሞ ሳቁን ለሌሎቹ ነው የሚሰጠው። ሚስቱ ሜሪ ሊቪንግስተን ታበሽቀዋለች። ሙዚቀኛው ፊል ሃሪስ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የማስታወቂያ አንባቢው ዶን ዊልሰን ሳይቀር ያሾፍበታል። እሱ መሐል ቆሞ ይዋረዳል። ሌሎች ኮሜዲያን ጸሐፊ ሲቀጥሩ «ጥሩው ቀልድ የኔ ይሁን» ይላሉ፤ ቤኒ ግን ማንም ያስቅ ማን፣ ሰኞ ጠዋት ሰው ቢሮ ሲገባ «የጃክ ቤኒን ሰማህ?» ነው የሚለው የሚል ሂሳብ ነበረው። እውነቱን ነው። በነገራችን ላይ ስስታሙ ሰውዬ ለጸሐፊዎቹ ጥሩ ከፋይ ነበር፣ ብዙዎቹም ዓመታት አብረውት ቆይተዋል።

ከሁሉም ኤዲ አንደርሰንን ላንሳ። ጥቁር ተዋናይ ነው፣ ድምፁ ሻካራ፣ አንዴ ከሰማችሁት አትረሱትም። በ1937 ለአንድ ቀን ብቻ፣ የባቡር አስተናጋጅ ሆኖ ገባ። አድማጩ ወደደው፣ እንደገና ጠሩት፣ እንደገና፣ መጨረሻ ላይ ሮቸስተር የሚባል የቤኒ አሽከር ሆኖ ቀረ። አሽከር መሆኑ ዛሬ ስንሰማው ይከብዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ስለ ጥቁሮች የነበረው አሮጌ ስድብ፣ ቁማሩ፣ መጠጡ፣ በቀልዶቹ ውስጥ ነበር። ይህን ሸፍኜ አላልፍም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነቤኒ ያን ዓይነቱን አስወጡት። ግን ከመጀመሪያውም አንድ ነገር ነበር፦ በዚያ ቤት ውስጥ አእምሮ ያለው ሮቸስተር ነው። ጌታውን ይመልስለታል፣ ያሾፍበታል፣ ያሸንፈዋል። በዚያ ዘመን አሜሪካ፣ በአገር አቀፍ ሬዲዮ ላይ።

አንድ ጥያቄ መጣ... አዎ፣ ድምፆቹን በአፍ ነበር የሚሠሩት ወይ? አንዳንዶቹን። ቤኒ ማክስዌል የምትባል አሮጌ መኪና አለችው፤ ፋብሪካው ራሱ በ1920ዎቹ መኪናውን መሥራት አቁሟል፣ እሱ አይሸጣትም። ሜል ብላንክ፣ ያ የካርቱን ድምፆች ንጉሥ፣ ሲተርክ፣ አንድ ቀን በሸክላ የተቀዳው የሞተር ድምፅ በሰዓቱ እምቢ አለ። ብላንክ ማይክ ያዘና በጉሮሮው ሳል፣ ትንታ፣ ትንፋሽ እያደረገ መኪናዋን አስነሳት። ከዚያ በኋላ መኪናዋ እሱ ሆነ። እኔ ይህን ድምፅ የሰማሁ ቀን ቀበቶዬን ፈትቼ ነው የሳቅኩት፣ ይቅርታ።

ወደ ዝምታው ልመለስ። መጋቢት 28 ቀን 1948። ቤኒ ከጎረቤቱ ከተዋናዩ ሮናልድ ኮልማን ኦስካሩን ተውሶ (ኮልማን በእርግጥም በዚያው ሰሞን ኦስካር ወስዷል) በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጨለማ ነው። ማጅራት መቺ ይመጣበታል። «ገንዘብህን ወይስ ነፍስህን!»

ዝም።

ቤኒ ምንም አይልም። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው መሳቅ ይጀምራል፣ ሳቁ ያድጋል፣ ሰውየው አሁንም ዝም። ማጅራት መቺው ትዕግሥቱ አልቆ ይጮሃል፦ «ገንዘብህን ወይስ ነፍስህን አልኩህ!» ያኔ ቤኒ በብስጭት፦ «እያሰብኩበት ነው!»

ብዙ ሰው ይህ በሬዲዮ ታሪክ ረጅሙ ሳቅ ነው ይላል። አይደለም፤ ቅጂው አለ፣ ስሙት። ግን እስቲ አስቡት፣ ያ ዝምታ ውስጥ ምን አለ? ምንም። አንዲት ቃል የለችም። እኔ አሁን ያንኑ ብሠራው ቃሌን የረሳሁ ነው የምመስለው። እሱ ሲሠራው አድማጩ ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ ሲያሰላ ይሰማዋል፤ ነፍስ ይቀንሳል፣ ገንዘብ ይደምራል። ቀልዱን የጻፉት የዚያ ሳምንት ጸሐፊዎች ብቻ አይደሉም። 16 ዓመት እሁድ እሁድ ያዳመጠው ሕዝብ ነው ከቤቱ ሆኖ የጨረሰው።

ስለዚህ ቴሌቪዥን ሲመጣ ምን ሆነ?

በ1949 መጀመሪያ ቤኒ ከኤንቢሲ ወደ ተቀናቃኙ ጣቢያ ወደ ሲቢኤስ ሄዷል። ምክንያቱ ግብር ነው፤ ፕሮግራሙን በድርጅት ስም አድርጎ ድርጅቱን ሲሸጥ፣ ለደመወዝ የሚከፈለው ከባድ ግብር ቀርቶ 25 በመቶ ብቻ ይከፍላል። ቆንቋናው ሰውዬ ለግብር ብሎ ቤት ቀየረ፤ ከዚህ በላይ ራሱን የሚመስል ነገር አልሠራም። ሲቢኤስ ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ ሊያወጣው ቸኩሎ ነበር።

እሱ አልቸኮለም። ጥቅምት 28 ቀን 1950 ከኒውዮርክ በቀጥታ ታየ፤ ሲወጣም ምን እንደምመስል ለማወቅ አንድ ሚሊዮን ዶላር እሰጥ ነበር ብሎ ጀመረ። እሱ፣ ሚሊዮን ዶላር! ከዚያ በዚያ ወቅት በጠቅላላ አራት ጊዜ ብቻ ነው የታየው። አራት። በቀጣዩ ስድስት። ከዚያ በአራት ሳምንት አንዴ፣ በሦስት ሳምንት አንዴ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ። በየሳምንቱ መታየት የጀመረው በ1960 ነው። በመካከሉ እሁድ እሁድ ሬዲዮውን አልተወም፣ እስከ ግንቦት 1955 ድረስ። ጎረምሳ አይደለም እኮ፣ ያኔ ዕድሜው 60 አልፏል። በመታወቂያው ማለቴ ነው፤ በራሱ ሂሳብ 39።

ሌሎቹ ምን ገጠማቸው? ፍሬድ አለንን ውሰዱ። ከቤኒ ጋር በሬዲዮ የውሸት ጠብ ነበራቸው፤ በ1936 መጨረሻ አንድ ሕፃን ቫዮሊኒስት አለን ፕሮግራም ላይ ጥሩ አድርጎ ሲጫወት፣ አለን ቤኒን ነካ አደረገው፣ ቤኒ መለሰ፣ ዓመታት ቀጠለ፤ በግል ወዳጆች ናቸው። በአንደበት ብንሄድ አለን ይበልጣል፣ እኔ አልከራከርም። ምላሱ ምላጭ ነው። ግን የእሱ ነገር ቃል ነበር፤ አድማጩ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያየው ሰፈር ነበረው፣ ቴሌቪዥን ላይ ያን ሰፈር በአሻንጉሊት ሊያሳዩለት ሞከሩ። አልሆነም። ከ1954 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ሆኖ ነበር የሚታየው።

ኤድጋር በርገን ደግሞ ይበልጥ ያስቀኛል። በርገን ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አሻንጉሊት የሚያናግር ሰው ነው። በሬዲዮ! ማንም ከንፈሩን አያየውም እኮ፣ ምን ነካቸው? ግን ወደ 20 ዓመት በሬዲዮ ነግሦበታል፣ ምክንያቱም ቻርሊ የሚባለው አሻንጉሊት ሰው ሆኖ ነበር። ቴሌቪዥን ሲመጣ ችግሩ ታየ፤ የበርገን ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ቻርሊ ራሱ በዚህ ያሾፍበት ነበር። በሬዲዮ ያገኘውን ያህል ቦታ በቴሌቪዥን አላገኘም።

ከቤኒም ቤት ሁሉም አልተሻገረም። ሜሪ፣ ሚስቱ፣ መድረክ ትፈራ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት በሬዲዮ ስታበሽቀው ቆይታ ፍርሃቱ እየባሰባት ሄደ። በሬዲዮው መጨረሻ ዓመታት ድርሻዋን ቤቷ ሆና ትቀዳ ነበር፣ ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ አልፎ አልፎ ነው የታየችው። ፊል ሃሪስ በ1952 ሄደ።

ካዝናውና ማክስዌሏም ተንገዳግደዋል፣ ደፍሬ ልናገር። በሬዲዮ ያ ካዝና መጨረሻ የለውም፤ ቤኒ ይወርዳል፣ እርምጃው ያስተጋባል፣ ሰንሰለት ይንኳኳል፣ በር ይንቋቋል፣ ሌላ በር፣ ሌላ በር፣ ማስጠንቀቂያ ይጮሃል፣ እናንተ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የምድር ልብ ድረስ ትወርዳላችሁ። ቴሌቪዥን ላይ ምንድን ነው? አንድ ክፍል። በእንጨትና በቀለም የተሠራ። መኪናዋም ስትታይ መኪና ነች። ያሳዝናል ትንሽ።

ታዲያ ምን አዳነው? ፊቱ። ሬዲዮ ላይ በዝምታ የሚሰማው ነገር ፊቱ ላይ ቁጭ ብሎ ተገኘ። አንዱ ይሰድበዋል፤ ቤኒ መልስ አይሰጥም። እጁን ጉንጩ ላይ ያደርጋል፣ ቀስ ብሎ ወደ ተመልካቹ ይዞራል፣ ያያቸዋል። «አያችሁልኝ?» ነው ነገሩ። አንዳንዴ «ዌል!» (እንግዲህ!) የምትል አንዲት ቃል ትወጣዋለች፣ እሷም ከዘገየች በኋላ። ሌላው ኮሜዲያን ካሜራ ሲያይ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ኬክ ፊቱ ላይ ያስመታል። ቤኒ ቆሞ ያያል። ቸኩዬ ብዙ ልሥራ አላለም፤ ትንሽ ሠርቶ ጠበቀ።

አሁን ይህ ትወና ነው ወይስ አይደለም? እዚህ ጋ የምወደው ታሪክ አለ። በ1958 ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ሰጡት። የሽልማቱ ስም ርዝመቱ! ኮሜዲያን፣ ዘፋኝ፣ አስተናጋጅ እያለ ይዘረዝርና መጨረሻው ላይ «ወይም በመሠረቱ ራሱን ሆኖ የሚጫወት ሰው» ይላል። ማለትም ተዋናይ አይደለህም፣ ራስህን ነህ። በዓመቱ፣ በ1959፣ እንደገና ኤሚ ሰጡት። አሁን ደግሞ በኮሜዲ ተከታታይ ድራማ ምርጥ መሪ ተዋናይ ብለው። ያው ሰው፣ ያው ፕሮግራም፣ ያው እጅ ጉንጭ ላይ። በአንድ ዓመት ውስጥ ዳኞቹ ትወና መሆኑ ገባቸው ማለት ነው።

እንጂማ «ራሱን ነው» የሚባለው ሰው ማን ነበር? እውነተኛው ቤኒ ለአስተናጋጅ ጉርሻ የሚያበዛ ሰው ነው፤ ሰው ሁሉ ቆንቋና ነው ብሎ ስለሚያስብ ትንሽ መስጠት እንደማይችል ይቀልድ ነበር። ቫዮሊኑንም በስተርጅና በቁም ነገር ያዘው። ከ1956 ጀምሮ ከትልልቅ የሲምፎኒ ኦርኬስትራዎች ጋር እየቆመ፣ ቫዮሊኑን ሆን ብሎ እያበላሸ፣ ለሙዚቀኞች ሚሊዮኖች ዶላር ሰብስቧል። ስትራዲቫሪየስ የሚባለው ውድ ጥንታዊ ቫዮሊን ነበረው፤ ሲሞት ለሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ተናዘዘው። ያደገባት ዎኪጋን በ1961 ትምህርት ቤት በስሙ ሰየመች፣ ከሁለተኛ ደረጃ ያባረረችው ከተማ። የትምህርት ቤቱ የስፖርት ቡድን ስም ምን እንደሆነ ገምቱ። ሠላሳ ዘጠኞቹ።

በ1964 ሲቢኤስ በቃህ አለው። ወደ ኤንቢሲ ተመልሶ አንድ ዓመት ሠራ፣ የአርብ ተመልካቹን ሌላ ኮሜዲ ወሰደበት፣ በ1965 አበቃ። ከዚያ አልፎ አልፎ ልዩ ዝግጅት እየሠራ ቆየ። ይህን ክፍል አላስረዝመውም፣ ብዙ የለውም።

በ1974፣ 80 ዓመቱ ላይ፣ ለአንድ ፊልም ትልቅ ድርሻ ተሰጠው። ሁለት የቮድቪል ሽማግሌዎች ታሪክ ነው፤ ለእሱ የተሰፋ ልብስ ማለት ነው። ታመመ። ታኅሣሥ 26 ቀን በቆሽት ካንሰር አረፈ። ለሚስቱ አንድ ነገር አዘጋጅቶ ነበር፤ ከሞተ በኋላ በየቀኑ አንዲት ቀይ ጽጌረዳ እንድትደርሳት። እስክትሞት፣ እስከ 1983፣ በየቀኑ ደርሷታል።

የፊልሙን ድርሻ የወሰደው ጆርጅ በርንስ ነው። ከቮድቪል ጀምሮ ወዳጁ፣ እሱም ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን የተሻገረ። በርንስ በዚያ ድርሻ በ80 ዓመቱ ኦስካር ወሰደ። ግን ከዚያ በፊት፣ በቤኒ ቀብር ላይ፣ ንግግር እንዲያደርግ ቆሞ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ የኖረ ሰው ነው፤ ወፍራም ሲጋሩን ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ ምንም የማይደነግጠው። ጥቂት ቃል ተናገረ፣ አቃተው፣ ሳይጨርስ ወረደ።

እሺ፣ እዚያ ጋ እጅ ያወጣኸው።